ካራሞጆ ቤል፤ ታላቁ አዳኝና ትንሿ ጥይት

በዚህ ዓመት መጽሔታችን የሕይወት ታሪኩን ላቀርብላችሁ የመረጥሁት ሰው ንጉሥ፣ የጦር መሪ ወይም ሊቅ አይደለም። ሙያው አደን፣ ይልቁንም ዝሆን መግደል ነበር። ስሙ ዎልተር ዳልሪምፕል ሜትላንድ ቤል ሲሆን፣ በዓለም አዳኞች ዘንድ የሚታወቀው ግን ካራሞጆ ቤል በሚለው ቅጽል ስሙ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ስለ አንድ የውጭ አገር አዳኝ መጻፍ ለጋምቤላ ተማሪ ምን ይጠቅመዋል ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። መልሴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በዘመኑ የነበሩት አዳኞች ትልቅና ከባድ ጠመንጃ ሲሹ፣ ይህ ሰው በትንሽ ጥይት ከብዙዎቹ የበለጠ ሠርቶ የዕውቀትን ኃይል አሳይቷል። ሁለተኛ፣ የእርሱ መንገድ በእኛው ወንዞች አጠገብ ያለፈ ስለ ሆነ፣ የሥራው ውጤት እኛንም ይነካናል። ስለዚህ ታሪኩ የሚቀርበው ለምስጋና ብቻ ሳይሆን ለፍርድም ነው። ዓመቶቹን የጻፍሁት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን፣ ዓ.ም. የሚል የተጨመረባቸው ብቻ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ልደቱና ልጅነቱ

ቤል በ1880 በስኮትላንድ አገር፣ ከኤዲንብራ ከተማ አቅራቢያ ከሀብታም ቤተ ሰብ ተወለደ። ነገር ግን ሀብት ከሐዘን አያድንምና፣ እናቱ ገና የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለ ሞተችበት፤ ስድስት ዓመት ሲሆነው ደግሞ አባቱን አጣ። ከዚያ በኋላ ያሳደጉት ታላላቅ ወንድሞቹ ናቸው። ወንድሞቹ ወደ ጥሩ ትምህርት ቤት ቢልኩትም፣ ልቡ ከአፍሪቃ ዱርና ከአራዊት ጋር ስለ ነበረ ከአንዱም ሳይረጋ ከአንዱ ወደ ሌላው እየኮበለለ አስቸገራቸው። በ13 ዓመቱ መርከበኛ ሆኖ ወደ ባሕር ሄደ። ይህን የምጽፈው ለተማሪ ምሳሌ ይሁን ብዬ አይደለም፤ ከዚህ ቀጥሎ እንደምናየው፣ ከክፍል ሸሽቶ የሄደው ይህ ልጅ በኋላ ጊዜ በዱር ውስጥ እጅግ ትጉህ ተማሪ ለመሆን ተገዷል።

ዕድሜው ገና 17 ሳይሞላ ወንድሞቹን አስፈቅዶ ወደ ምሥራቅ አፍሪቃ መጣ። በዚያን ጊዜ እንግሊዞች ከሞምባሳ ወደብ ወደ ዩጋንዳ የሚያደርሰውን የባቡር ሐዲድ በመሥራት ላይ ነበሩ። ሠራተኞቹን ግን አንበሳ ይፈጃቸው ነበር። ወጣቱ ቤል አንበሶቹን እንዲገድል በሐዲዱ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። የያዘው ጠመንጃ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ 7.7 ሚሊ ሜትር የሆነ የእንግሊዝ ሥራ ነበር። ይህ ጠመንጃ ለስኮትላንድ ብርድ የተሠራ እንጂ ለአፍሪቃ ሐሩር የተስማማ አልነበረም። ከተተኮሰ በኋላ ባዶው ቀለህ በሙቀቱ የተነሣ ከጎሬው ተጣብቆ አልወጣ ይለዋል። ከፊቱ አንበሳ፣ በእጁ የማያቀባብል ጠመንጃ! ቤል ስለ መሣሪያ ምርጫ የመጀመሪያውን ትምህርት ያገኘው ከዚህ ነው። ጠመንጃ ከሁሉ በፊት የሚታመን መሆን አለበት፤ ኃይሉና ውበቱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ከበረዶ አገር ወደ ጦር ሜዳ

ከዚህ በኋላ ቤል ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሻገረ። በካናዳ ጫፍ፣ በዩኮን ወርቅ ተገኘ ተብሎ ዓለም ሁሉ ይጎርፍ በነበረበት ጊዜ፣ እርሱ ወርቅ ከመቆፈር ይልቅ አራዊት እያደነ ለቆፋሪዎቹ ሥጋ ማቅረብ ጀመረ። ዳሩ ግን ሥጋውን እየወሰደ ይሸጥ የነበረው ሸሪኩ ገንዘቡን ይዞ ጠፋ። ቤል ባዶ እጁን ቀረ። በዚህ መካከል በደቡብ አፍሪቃ በእንግሊዞችና በቦኤሮች መካከል ጦርነት ስለ ተነሣ፣ ከካናዳ ፈረሰኛ ጦር ጋር ተመዝግቦ ዘመተ። በጦርነቱም ፈረሱ ተመትቶበት ተማረከ፤ ነገር ግን አምልጦ ወደ ወገኖቹ ተመለሰና በቃፊርነት አገለገለ።

ቦኤሮች በእንግሊዝ ጦር ላይ ከባድ ጉዳት ያደረሱት 7 ሚሊ ሜትር በሆነ የጀርመን ሞዘር ጠመንጃ ነበር። ይህችው ጥይት ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቤልን ስም በዓለም ላይ የምታስጠራ ሆነች።

ስለ ጥይትና ስለ ባሩድ ጥቂት ማብራሪያ

የቤልን ሥራ በትክክል ለመረዳት፣ ከእርሱ በፊት ዝሆን እንዴት ይታደን እንደ ነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1861 እንግሊዛዊው ሰር ሳሙኤል ቤከር የዓባይን ገባር ወንዞች ሲመረምር በአገራችን ጠረፍ፣ በሰቲት ወንዝ አካባቢ አድኖ ነበር። በዚያም ሐምራን የሚባሉት ዐረቦች በፈረስ ሆነው ዝሆኑን እየከበቡ፣ አንዱ ከፊት ሲያታልለው ሌላው ከኋላ መጥቶ በሰይፍ ቋንጃውን ሲቆርጥ አይቶ እጅግ አድንቋል። ራሱ ቤከር ግን ከያዛቸው ጠመንጃዎች አንዱ ግማሽ ሊብራ፣ ማለት 227 ግራም ያህል የሚመዝን ፈንጂ አረር የሚተኩስ ነበር። ኃይሉ ከፊት ያለውን አውሬ ብቻ ሳይሆን ከኋላ ያለውን ተኳሽም ይመታ ስለ ነበር፣ ጌታው ሳይቀር ይፈራው ነበር።

እንዲህ ያለ ትልቅ አረር ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። የዚያ ዘመን ጥቁር ባሩድ ጥይቱን በጣም ማፍጠን አይችልም። እርሳሱም ለስላሳ ስለ ሆነ ከአጥንት ሲጋጭ ይጨፈለቃል። ፍጥነትና ጥንካሬ የሌለው ጥይት ያለው አማራጭ ክብደት ብቻ ነው። በአገራችን በብዛት የታወቀው ውጅግራም ከዚሁ ወገን ሲሆን፣ 11 ሚሊ ሜትር የሆነና 25 ግራም የሚመዝን የእርሳስ ጥይት በጥቁር ባሩድ ይተኩስ ነበር።

በ1886 ግን ፈረንሳዮች ለበል በተባለው ጠመንጃቸው ጭስ የሌለውን ባሩድ ሥራ ላይ አዋሉ። ሌሎቹም መንግሥታት ተከተሏቸው። አዲሱ ባሩድ ጥይትን በእጅጉ ስላፈጠነ ራቁቱን እርሳስ መተኮስ አልተቻለም፤ ከአፈ ሙዙ ውስጥ ይቀልጣል፣ ይላጣልም። ስለዚህ እርሳሱን በጠንካራ ብረት ልባስ መሸፈን ግድ ሆነ። እንዲህ ሆኖ ቀጭን፣ ረጅም፣ ፈጣንና የማይጨፈለቅ ጥይት ተፈጠረ።

ይህም ሆኖ አዳኞች የቆየ ልማዳቸውን አልተዉም። በአዲሱ ባሩድ ይበልጥ ኃይለኛ የሆኑ፣ ባለ ሁለት አፈ ሙዝ ታላላቅ ጠመንጃዎችን አሠሩ። ከእነዚህ ዋነኛው 15 ሚሊ ሜትር የሚያልፍ፣ ጥይቱ 58 ግራም የሚመዝን፣ ጠመንጃው ራሱ 7 ኪሎ ገደማ የሚከብድ ነበር። ዝሆንን ያህል ፍጥረት ለመጣል ከዚህ ያነሰ አይበቃም የሚለው ሐሳብ በሁሉም ዘንድ እንደ ሕግ ይታይ ነበር።

ቤል በካራሞጃ

ቤል በ1902 ወደ ምሥራቅ አፍሪቃ ተመልሶ፣ ጭነት ተሸካሚዎችና አህዮች አሰናድቶ በሰሜን ምሥራቅ ዩጋንዳ ወደምትገኘው ካራሞጃ ተጓዘ። ይህ አገር ከእኛው ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ ብዙ የማይርቅ ደረቅ ሜዳ ሲሆን፣ ትላልቅ ጥርስ ያላቸው ወንድ ዝሆኖች ሞልተውበት ነበር። ካራሞጆ የሚለውን ስም ያተረፈውም ከዚሁ ነው።

በዚያ አገር ያለ ሕዝቡ ፈቃድ ምንም ማድረግ አይቻልም ነበር። ቤል የወደቀውን ዝሆን ሥጋ ለመንደሩ ሰው እየተወ፣ ዝሆን ያለበትን ቦታ ለሚያመለክት ደግሞ ዋጋ እየከፈለ ወዳጆች አፈራ። ከወዳጆቹም ሁሉ የሚበልጠው ፒጃሌ የሚባል የካራሞጃ ተወላጅ ዱካ አጥኚ ነበር። ፒጃሌ የዝሆንን ኮቴ አይቶ መቼ እንዳለፈና ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ፣ ለብዙ ሰዓት ያለ ድካም የሚሮጥ፣ ከአደጋም የማይሸሽ ሰው ስለ ነበር፣ ቤል በመጽሐፉ ውስጥ በከፍተኛ አድናቆት አንሥቶታል። የአንድ አዳኝ ዝና ሲወራ የዱካ አጥኚው ስም ብዙ ጊዜ ይረሳል። እኛ ግን የዱር ዕውቀት ባለቤቶች ልጆች ነንና ፒጃሌን ልንረሳው አይገባም።

ትንሿን ጥይት ስለ መምረጡ

ቤል መጀመሪያ ያደነው 7.7 ሚሊ ሜትር በሆነ የእንግሊዝ ጦር ጥይት ነው። በኋላ ግን ከለንደኑ ሪግቢ ኩባንያ ያሠራውን 7 ሚሊ ሜትር ሞዘር ከሁሉ አስበልጦ ወደደ። የዚህ ጠመንጃ ጥይት የሚመዝነው 11 ግራም ያህል ብቻ ሲሆን፣ ጫፉ ድቡልቡልና ሙሉ በሙሉ በብረት የተለበጠ ነበር። ሌላው የሚወድደው 6.5 ሚሊ ሜትር የሆነው ማንሊኸር ነው፤ በአገራችን ምንሽር የሚባለው ስም ከዚህ ከማንሊኸር የመጣ ነው ይባላል።

ለመሆኑ ይህች ትንሽ ጥይት ያን ታላቅ ፍጥረት እንዴት ጣለችው? እዚህ ላይ በክፍል የተማርነውን ፊዚክስ እናስታውስ። የሚንቀሳቀስ አካል ጉልበት የሚገኘው የክብደቱን ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ በማባዛት ነው። 11 ግራም የምትመዝነው ጥይት በሰከንድ 700 ሜትር ስትጓዝ ጉልበቷ 2,700 ጁል ያህል ነው። 58 ግራም የሚመዝነው ትልቁ ጥይት በሰከንድ 590 ሜትር ሲጓዝ ግን ከ10,000 ጁል በላይ ጉልበት አለው። እንግዲህ በዚህ ብቻ ብንፈርድ ትልቁ አራት እጥፍ ገደማ ይበልጣል።

ዳሩ ግን ጉልበቱ የሚያርፍበትን ስፋት ደግሞ እንመልከት። የትልቁ ጥይት ፊት ከትንሿ ወደ አምስት እጥፍ ይሰፋል። ጉልበቱን ለስፋቱ ብናካፍለው፣ ለእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ትንሿ 6,700 ጁል ያህል ሲደርሳት፣ ትልቁ 5,300 ያህል ብቻ ይደርሰዋል። ወስፌ ከዱላ ይልቅ ቆዳ የሚበሳበት ምክንያትም ይኸው ነው። ረጅምና ጠንካራ በመሆኗም አጥንት ስታገኝ ሳትጣመም ቀጥ ብላ ታልፋለች።

እንግዲህ ጥይቷ መግባቱን ትገባለች። ጥያቄው የት ትግባ የሚለው ነው። የቤል ታላቅነት ከሁሉ የሚታየውም በዚህ ነው። የዝሆን ራስ ቅል በመጠኑ እጅግ ትልቅ ቢሆንም፣ አብዛኛው ክፍል እንደ ማር ሰፈፍ ባዶ ቀዳዳ የሞላበት አጥንት ነው። አንጎሉ በውስጡ ወደ ኋላ ተደብቆ ይገኛል። ከግንባሩ ላይ ከፍ አድርጎ የሚመታ ሰው ጥይቱ የቱንም ያህል ቢከብድ አንጎሉን ይስተዋል፤ ዝሆኑም ይበልጥ ይቆጣል። ቤል የገደለውን ዝሆን የራስ ቅል በመጋዝ ለሁለት ሰንጥቆ፣ አንጎሉ የት እንዳለ፣ ከጎን፣ ከፊትና ከኋላ ሲታይ በየት በኩል እንደሚገኝ አጠና፤ ሥዕሉንም በእጁ ሣለ። ከዚህ ጥናት የተነሣ ማንም ያልሞከረውን፣ ከኋላ በሰያፍ በአንገት ጡንቻ በኩል ወደ አንጎል የሚያደርሰውን ተኩስ አገኘ። ይህ አተኳኮስ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ትንሽ ጠመንጃ ሌላም ጥቅም ነበረው። ቀላል ስለ ሆነ ቀኑን ሙሉ ራሱ ይሸከመዋል፤ በአደጋ ጊዜ ከአሽከር እጅ መቀበል አያስፈልገውም። ሲተኩስ ትከሻን ስለማይደቃ ተኳሹ ምላጩን ሲስብ አይደነግጥም፣ ዓይኑንም አይጨፍንም። ድምፁም ዝቅ ያለ በመሆኑ ከመንጋው አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹ ቶሎ አይደነብሩም። የጀርመኑ ጥይት ደግሞ እንደ ሌሎቹ ሳይከሽፍ ሁልጊዜ ይታመን ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ በሚከሽፍ መሣሪያ የተቸገረ ሰው ይህን እጅግ ቢያከብር አያስደንቅም።

የድካሙ ልክ

ከዚህ በላይ ያለውን ያነበበ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ቤል ያለ ማቋረጥ ይለማመድ ነበር፤ በጉዞ ላይ ሳለ እንኳ ባዶ ጠመንጃ እያነሣ ማነጣጠር ልማዱ ነበር። በአንድ ዓመት 24 ጥንድ ጫማ ጨርሷል። ራሱ ባሰላው መሠረት አንድ ወንድ ዝሆን ለመግደል በአማካይ 117 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ተጉዟል። በዕድሜው የገደላቸው ዝሆኖች 1,011 ናቸው፤ ከእነዚህም 800 ያህሉ የወደቁት በዚያች በ7 ሚሊ ሜትር ጥይት ነው። 117ን በ1,011 ብናባዛ ከ118,000 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ይህም የምድርን ወገብ ወደ ሦስት ጊዜ ያህል በእግር እንደ መዞር ነው።

የሥራውም ዋጋ ከድካሙ ጋር የሚመጣጠን ነበር። በአንድ ቀን ዘጠኝ ዝሆኖች ጥሎ የ877 ፓውንድ የዝሆን ጥርስ አግኝቷል፤ ይህም በዚያ ዘመን ትልቅ ሀብት ነበር።

ስለ አንድ ነገር ግን ማስጠንቀቅ ይገባል። ብዙ ሰዎች የቤልን ታሪክ ሰምተው ትንሽ ጠመንጃ ለማንም ይበቃል ብለው ያስባሉ። ይህ ስሕተት ነው። ትንሿ ጥይት የምትገድለው ትክክለኛውን ቦታ ካገኘች ብቻ ነው። ጥቂት ከሳተች ዝሆኑ ወይም ጎሹ ቆስሎ ይሄዳል፤ የቆሰለ አውሬም አዳኙን ብቻ ሳይሆን ውኃ ልትቀዳ የወረደችውን ሴትና ከብት የሚጠብቀውን ልጅ ይገድላል። ከዚህ የተነሣ ዛሬ አደን በሚፈቀድባቸው ብዙ የአፍሪቃ አገሮች፣ ለአደገኛ አራዊት ከ9.5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጠመንጃ መጠቀም በሕግ የተከለከለ ነው። የጥይቱም ዓይነት እንደ አውሬው ይለያል። ለዝሆን፣ ለአውራሪስና ለጎሽ በጥልቀት የሚገባ ሙሉ ልባስ ያለው ጥይት ሲመረጥ፣ ቆዳው ስስ ለሆነው ለአንበሳና ለነብር ግን ጫፉ ለስላሳ ሆኖ በሥጋ ውስጥ የሚከፈተው ይሻላል። ሕጉ የወጣው እንደ ቤል ላሉ ጥቂቶች ሳይሆን ለብዙዎቻችን፣ ማለት ለሚደነግጡትና ለሚስቱት ነው።

የጋምቤላ ወንዞችና የዝሆን ጥርስ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በግንቦት ወር 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት የወሰን ውል፣ በባሮ ወንዝ ዳር ለሱዳን የንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ ፈቀዱ። ጣቢያውም በዛሬይቱ ጋምቤላ ተቋቋመ። በክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም እየመጡ ጨውና ጨርቃ ጨርቅ ያራግፉ፣ ቡና፣ ሰምና የዝሆን ጥርስ ይጭኑ ነበር። ከላይ በደጋው፣ በጎሬ ከተማ ደግሞ ኢሉባቦርን ይገዙ የነበሩት ራስ ተሰማ ናደው ነበሩ፤ የዝሆን ጥርስ ንግድም በጎሬ ደርቶ ነበር።

ቤልም ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በኢትዮጵያ በኩል ተጉዞ በዚሁ በምዕራቡ ዳርቻ፣ በጊሎ ወንዝ አካባቢ ዝሆን አድኗል። በእርጥብ ወራት ውኃ የሚተኛበት፣ ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ የሚያድግበት የእኛ ሜዳ፣ ከደረቁ ካራሞጃ ይልቅ ለአዳኝ እጅግ የሚያስቸግር ነው።

ይሁን እንጂ ዝሆንን ያሳደደው የውጭ አገር ሰው ብቻ ነበር ብንል እውነቱን ማጉደል ይሆናል። በአገራችን ዝሆን የገደለ ጀግና ተብሎ ይከበር፣ በጆሮውም ሎቲ ያደርግ ነበር። የአኝዋ መኳንንትም የዝሆን ጥርስ እየሰጡ ከጎሬ በኩል ጠመንጃ ይገዙ ነበር። ጥርሱ ጠመንጃ ይገዛል፤ ጠመንጃውም ሌላ ጥርስ ያመጣል። በዚህ መንገድ የአኝዋ ሕዝብ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በደንብ ታጠቀ። በ1912 የሱዳን የእንግሊዝ አስተዳደር ይህን ትጥቅ ለማስፈታት ጦር በላከ ጊዜ፣ በአኝዋው መሪ በአክዌ ዋ ቻም ሰዎች እጅ ከባድ ጉዳት ደርሶበታል። እንግዲህ የዝሆን ጥርስ ታሪክ ከአውሬ ታሪክነት አልፎ የሕዝባችን ነፃነትና የደም ታሪክ ጭምር መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

የኋለኛው ዘመኑና ሞቱ

በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ቤል አይሮፕላን መንዳት ተምሮ የእንግሊዝ በራሪ ጦር አባል ሆነ። በምሥራቅ አፍሪቃ፣ በግሪክና በፈረንሳይ ግንባር ተዋግቶ የጀግንነት መስቀል ተሸለመ። በምሥራቅ አፍሪቃ ሲበር፣ ተኩሱ ላይ እንዳይሰናከል ረዳቱን ትቶ ብቻውን መሄድ ይመርጥ እንደ ነበር ይነገርለታል። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ላይቤሪያና ወደ ሌሎች የምዕራብ አፍሪቃ አገሮች እየሄደ ጥቂት ጊዜ አደነ። በ1923 የዝሆን አዳኝ ሕይወቱን የሚተርከውን የመጀመሪያ መጽሐፉን፣ በ1949 ደግሞ ስለ ካራሞጃ ጉዞው የሚናገረውን ሁለተኛውን አሳተመ።

በመጨረሻም ከሚስቱ ከኬት ጋር በስኮትላንድ ተራራማ አገር ተቀምጦ፣ አጋዘን እያደነና በጀልባ እየተጓዘ ኖረ። በ1954 በ73 ዓመቱ በልብ ሕመም ሞተ። ከሺህ ዝሆን ጋር የተጋጠመ ሰው በአልጋው ላይ ማረፉ የጥንቃቄው ማስረጃ ነው። ሦስተኛው መጽሐፉ የታተመው ከሞተ በኋላ፣ በ1960 ነበር።

ከታሪኩ የምንማረው

እንግዲህ በዚህ ሰው ላይ ምን ብለን እንፍረድ? በእኔ አስተያየት ቤልን በሁለት ዓይን ማየት ይገባል።

በአንድ በኩል፣ ሰው ሁሉ ጠመንጃ ሲያገዝፍ እርሱ ዕውቀቱን አገዘፈ። መሣሪያ ከመምረጡ በፊት የሚመታውን ነገር አጠና፤ ዕድል ከመጠበቅ ይልቅ ተለማመደ። ይህ ለእኛ ለተማሪዎች ታላቅ ትምህርት ነው። ብዙዎቻችን የጎደለን መጽሐፍ፣ ቤተ ሙከራና መሣሪያ ብቻ ይመስለናል። እነዚህ ማስፈለጋቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ያለችንን ትንሽ ነገር የት እንደምናሳርፋት ካላወቅን፣ ትልቅ ቢሰጠንም በከንቱ እናባክነዋለን።

በሌላ በኩል ደግሞ፣ ዕውቀቱ ያ ሁሉ ትጋት ታክሎበት የዋለው ለማጥፋት ነው። 1,011 ዝሆን ከ2,000 በላይ ጥርስ ነው፤ ያም ሄዶ ሄዶ የፒያኖ መጫወቻ፣ የቢልያርዶ ኳስና የቢላ እጀታ ሆነ። ቤል ብቻውን የአፍሪቃን ዝሆን አላጠፋም፤ በዘመኑም ሥራው እንደ ነውር አይታይም ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ አዳኝ እኔ ብወስድ አያልቅም እያለ ሲወስድ፣ የማያልቅ የሚመስለው ነገር አለቀ። ዛሬ በጋምቤላ ሜዳ ነጭ ጆሮ ቆርኬ በብዙ ሺህ ሆኖ ወሰን እያቋረጠ ሲሰደድ ማየት ይቻላል፤ ዝሆን ግን እጅግ ጥቂት ቀርቷል። ከእኛ መካከል ዝሆንን በሥዕል እንጂ በዓይኑ ያላየ ብዙ ነው።

ነገሩን ለማዳን የተደረገ ጥረት አለ። በ1966 ዓ.ም. ገደማ የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ። በ1989 የዓለም መንግሥታት የዝሆን ጥርስ ንግድ እንዲታገድ ወሰኑ። በመጋቢት ወር 2007 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥታችን ከሕገ ወጦች የያዘውን 6 ቶን ያህል የዝሆን ጥርስ በአዲስ አበባ በእሳት አቃጠለ። ይህ ሁሉ ግን በቂ አይደለም። ዝሆኑ ያለው በአዲስ አበባ ሳይሆን በእኛ አገር ነው፤ ማሳውን ሲረግጥበት የሚጎዳውም ገበሬው ወላጃችን ነው። ስለዚህ የገበሬውን እህልና የዝሆኑን ሕይወት አንድ ላይ የሚያድን ዘዴ ማግኘት የሚገባን እኛው ልጆቹ ነን።

ቤል ዝሆን የት እንደሚተኛ፣ የት ውኃ እንደሚጠጣ፣ በየት እንደሚያልፍና ምን እንደሚያስደነግጠው ከማንም ይበልጥ ያውቅ ነበር። ዛሬ አንድ የዱር እንስሳት ጠባቂ ወይም ተመራማሪ ዝሆንን ለማዳን የሚያስፈልገው ዕውቀት ያው ራሱ ነው። ለመግደል አንድ ሰው ያን ያህል መንገድ በእግሩ ከሄደ፣ ለማዳን ደግሞ ከእኛ መካከል የሚሄድ አይጠፋም ብዬ አምናለሁ። መንገዱም ሩቅ አይደለም፤ ከከተማችን ወጥቶ ወደ አልዌሮና ወደ ጊሎ መውረድ ብቻ ነው።